የጨው ምስክሮች

ጨው ለምስክርነት ሲጠራ ያየሁት በዚያ ዘመን ብቻ ነው። ጣሊያን ሊመጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ሶዶ ገና የሣር ክዳን ቤቶች ሆና፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በጣት የሚቆጠርባት ጊዜ ነበር። ይህን ነገር ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው «እሺ፣ መድኃኒቱ የቱ ነበር?» ይሉኛል፤ የተማሩ ስለሆኑ መልስ የሌለው ወሬ አይወዱም። እኔ ደግሞ አርጅቼም ቁርጡን አላወቅሁትም። ያየሁትን እንዳየሁት፣ ግራ የገባኝንም ግራ እንደገባኝ እናገራለሁ፤ ከዚህ ያለፈ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

ነገሩ የተነሳው ከአንገቴ ነው። እንቅርት ነበረኝ። ያን ጊዜ በዳሞታ ተራራ ሥር ለምንኖር ሴቶች እንቅርት ብርቅ አልነበረም፤ አንገቷ ልሙጥ የሆነች ሴት ገበያ ላይ ብናይ «ይህች ደግሞ ከየት አገር መጣች?» የምንል ነበርን። የእኔ ትልቅ አልነበረም፤ ነጠላዬን ጠምጠም ሳደርግበት ይሸፈን ነበር። ባሌ አንዳንዴ «ዋጥ አድርጊው እንጂ፣ ጉሮሮሽ ላይ የቀረ ጎደሬ ነው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ እኔም አብሬው እስቅ ነበር። አንገቴ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ የበኩር ልጄ ነው።

ልጄ ከእኩዮቹ ጋር የሚሯሯጥበት ዕድሜ ደርሶም አፉን አልፈታም። መጀመሪያ «ወንድ ልጅ የሚናገረው ቆይቶ ነው» አሉኝ፤ ጠበቅሁ። ቀጥሎ «ምላሱ ታስሮ ይሆናል» አሉኝ፤ ጠበል ወስጄ አስጠመቅሁት። እኔ ሲፈጥረኝ ድምፄ ትልቅ ነው፤ «አንቺ ስትጣሪ ሩቅ ያለው የቤሌ ሰው አቤት ይላል» ይሉኝ ነበር። በዚያ ድምፄ ከጀርባው ቆሜ ስጠራው ዶሮዎቹ በርግገው ሲበታተኑ፣ እሱ ግን ጭቃውን እያድበለበለ ባለበት ይቀመጣል። ይህን በየቀኑ አይ ነበር፤ አይቼም እንዳላየሁ እሆን ነበር። ፊቴን ሲያይ ይስቃል፣ ስከፋ ያውቅብኛል፣ ታዲያ ምን ጎደለው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ይኖር ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲያስብ የጆሮውን ጫፍ የሚጎትት ሰው ነው። አስተርጓሚው የወላይታ ተወላጅ የሆነ ጎልማሳ ሲሆን፣ አማርኛውን የተማረው በአገረ ገዥው ችሎት ሲያስተረጉም ነው። ስለዚህ የሚናገረው ሁሉ የችሎት ቃል ነበር፤ ራሱን ቢያመው እንኳ «ራስ ምታት ከሰሰኝ» የሚል ይመስል ነበር። በኋላ ለመጣው ግርግር ሁሉ ምክንያቱ ይኸው አማርኛው ይመስለኛል።

ልጄን ይዤ የሄድኩ ቀን ሐኪሙ ከጀርባው ሆኖ ሁለት የቆርቆሮ ሰሃን አጋጨ። እኔ ብድግ አልኩ፤ ደጅ የነበረው በቅሎ ጆሮውን አቆመ። ልጄ ጣቱን እየጠባ ግድግዳውን ያያል። ሐኪሙ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ነጠላዬን እንድፈታ በእጁ አሳየኝና አንገቴን ዳሰሰ። ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ያን ሁሉ ንግግር በአንድ ቃል ጠቀለለው፦

«የልጁ ጆሮ የተዘጋው ከአንቺ አንገት የተነሳ ሊሆን ይችላል ይላል።»

ጆሮ ከአንገት ጋር ምን አገናኘው? ያውም የእኔ አንገት ከእሱ ጆሮ ጋር? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ስሰማ ኖሬ ነበር፤ በእኔ ቤት ተረቱ እውነት ሆኖ ቁጭ አለ። ልናደድበት ፈለግሁ፣ ግን ማንን እንደምናደድ አላወቅሁም። ከዚያ ይልቅ ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ነገር ጠየቅሁ። የወር አበባዬ ከቀረ ሰንብቷል። «ሆዴ ውስጥ ያለውስ?» አልኩ። ሐኪሙ የጆሮውን ጫፍ እየጎተተ ቆየና፣ እንቅርትን የሚያሟሽሽ አንድ ነገር በጨው ውስጥ ሊጨምር እንዳሰበ፣ ለሆዴም ይበጅ እንደሆነ እንደማያውቅ፣ ነገር ግን ሊሞክር እንደሚፈልግ አስነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስለዚያ ጨው እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ቅዳሜ ገበያ ከተፈታ በኋላ የሰፈራችን እንቅርታም ሴቶች በሐኪሙ ግቢ ሣር ላይ ተሰበሰብን። ከአቡጀዲ የተሰፉ ትንንሽ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ በቀይ ክር፣ ግማሾቹ በጥቁር ክር ተሰፍተዋል። ሐኪሙ አንገታችንን በገመድ እየለካ አለፈ። ከዚያ አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና በችሎት ድምፁ እንዲህ አለን፦

«ሁለት ወገን ትሆናላችሁ። አንዱ ወገን መድኃኒት ያለበትን ጨው ይበላል። ሌላው ወገን ዝም ያለ ጨው ይበላል፤ ምስክር ይሆናል።»

ለእኛ ምስክር ማለት ያየ ሰው ነው። ድንበር ሲገፋ ያየ፣ በሬ ሲሰረቅ ያየ። አንዲት ባልቴት ተነስተው ምን አየን ብለን ነው የምንመሰክረው ብለው ጠየቁ። አስተርጓሚው ለሐኪሙ ነገረው፤ ሐኪሙም ደስ ብሎት ብዙ ተናገረ። መልሱ ሲመጣ፣ ምስክሮቹ የሚመሰክሩት ምንም ስላልደረሰባቸው ነው የሚል ሆነ። ባልቴቷ «ምንም ያልደረሰበት ሰውማ ቤቱ ነው የሚቀመጠው» ብለው ተቀመጡ። እኔም በልቤ እሳቸው ናቸው ልክ አልኩ።

ማን የቱን ጨው እንደሚያገኝ ሐኪሙ አልተናገረም። ቀዩ ይሁን ጥቁሩ መድኃኒት ያለበት፣ እሱና ሚስቱ ብቻ ያውቃሉ። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ መድኃኒት በላሁ ብላ የምታምን ሴት ሳይሻላት ተሻለኝ ልትል ትችላለች አለን። ይህኛው እንኳ ትንሽ ገባን፤ እንዲህ ያለች ሴት ሁላችንም እናውቃለን። ያልገባንና ያሳዘነን የመጨረሻው ትእዛዝ ነው፦ ጨው እንዳትበዳደሩ። ጎረቤት ጨው ጎደለብኝ ብላ ደጄ ላይ ቆማ፣ ጨው እቤቴ እያለ የለም ልላት? እንዲህ ያለ ነውር በሰፈራችን ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ቢሆንም ሁላችንም እሺ ብለን ማልን። ከረጢቶቹ በቤት ተራ ታደሉ፤ ለእኔ ቀይ ክር፣ ለቅርብ ጎረቤቴ ጥቁር ክር ደረሰን።

ባሌ ከሰሜን የመጡ ወታደር ልጅ ነው። እርሻውን ከሚወደው ይልቅ ሙግት ይወድ ነበር፤ የራሱ ጉዳይ ባይኖር እንኳ የሰው ሙግት ለመስማት ችሎት ተቀምጦ ይውላል። ከረጢቱን አይቶ የተባለውን ሁሉ ካስነገረኝ በኋላ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሐኪሙ ከሳሽ ነው፣ እንቅርቱ ተከሳሽ» አለ። «የከሳሹን ጨው የበላ ምስክር ይነቀፋል። ቃሉ አይጸናም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።»

ምስክር መሆኔን በምን አወቅህ ስለው፣ ካላወቅሽማ ይብሳል አለኝ፤ ምስክርነቱን የማያውቅ ምስክር ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያትም አልተሰማም። ከረጢቱን ነገ በጠዋት እንድመልስ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እጮሃለሁ፤ ያን ቀን ግን ቀስ ብዬ ማርገዜን ነገርኩት። ሐኪሙ ስለ ልጃችን ጆሮ ያለውንም ነገርኩት። ባሌ ልጁን አየው፤ ልጁ ምድጃው አጠገብ አመድ ላይ በጣቱ ይሞነጫጭራል። ከረጢቱን አንስቶ እርጥበት እንዳይነካው ከምድጃው በላይ ራሱ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ስለ ሕጉ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማለቴ ነው፣ ወደፊት እደርስበታለሁ።

ጥቁር ክር የደረሳት ጎረቤቴ ከገሱባ በኩል የመጣች ወላይታ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ጠና ያለ ሲሆን፣ አማርኛዋን ወንድና ሴት ሳትለይ ትናገረዋለች፤ እኔን አንተ፣ ባሌን አንቺ ትላለች፣ ባሌም አቤት ማለት ለምዶ ነበር። እንቅርቷ ከእኔ ይበልጣል። ልጆቿ ግን፣ እግዜር ያሳድጋቸውና፣ ጆሯቸው ለጉድ ነው፤ ሰው ከአጥር ጀርባ የሚያንሾካሹከውን ሰምተው ለሰፈሩ ያደርሳሉ። ይህ ነገር ሌላ ራስ ምታት ሆነብኝ። ሐኪሙ እንዳለው ጆሮ የሚዘጋው ከአንገት ከሆነ፣ የእሷ ልጆች እንዴት ሰሙ? አንገት ካልሆነ ደግሞ የእኔ ልጅ ምን አደረገ? ይህን ሳስብ አንዳንዴ ሐኪሙ ውሸታም ነው እላለሁ፣ አንዳንዴ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ እላለሁ፤ በሁለቱም አልቆይም።

ሁለታችን ጨዋችንን ጎን ለጎን ዘርግተን መረመርን። የእሷን ቀመስኩ፣ የእኔን ቀመስኩ። ውሃ ውስጥ አሟሟን። የእሷ ትንሽ መረር ያለ መሰለኝ፤ እሷ ደግሞ የሚመረው ያንተ ነው አለችኝ። ለበግ ብንሰጥ በጉ ሁለቱንም ላሰ። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል። የእኔ ጨው ይጣፍጣል፤ ድንጋይ ይሁን መድኃኒት ግን በምላስ አይታወቅም።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ቀዩ የቱ እንደሆነ ንገረኝ አልኩት፤ አልነግርሽም አለኝ። መድኃኒት በእጅህ ይዘህ ለግማሻችን የምትነፍገን ምን በድለንህ ነው አልኩት። እንደ መምህር ተቀምጦ ያስረዳኝ ጀመር፦ ሁለት እንሰት አንድ መሬት ላይ ተክለሽ፣ አንዷን ፍግ ብታለብሻትና ሌላዋን ብትተያት፣ ፍግ ያገኘችው ብቻ ስትወፍር ፍጉ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሁለቱንም ፍግ ብታለብሻቸውና ሁለቱም ቢወፍሩ ግን፣ ዝናቡ ይሁን ፍጉ በምን ታውቂያለሽ? እኔ ግን እንሰት ሳይደላት ብትቀር ቆጮው ይቀንሳል፣ ልጅ ግን ተመልሶ አይወለድም አልኩት። አስተርጓሚው ይህን ለመንገር ትንሽ ፈራ። ሐኪሙ ሲሰማው ፊቱ ቀላና መልሱን ቀስ ብሎ ተናገረ፦

«እንደሚጠቅም ባውቅ ኖሮ ለሁላችሁም እሰጣችሁ ነበር። ላይጠቅም ይችላል። ሊጎዳም ይችላል። ባላውቅ ነው የምሞክረው።»

ሊጎዳም ይችላል። ይህን ሰምቼ ስመለስ መንገዱ ጠፋኝ፤ በየቀኑ የምመላለስበትን መንገድ ስቼ ወደ ገበያው ወረድኩ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የእኔ መድኃኒቱ ይሁን እያልኩ እጸልይ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልጸልይ? መድኃኒቱ ይሁን ብል ልጎዳው ነው፣ ዝም ያለው ይሁን ብል ልተወው ነው። ዕውቀት ያለው ሰው አላውቅም ሲል እንደዚያ ያስፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ማርያምን «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

ጎረቤቴ ቤት ደርሼ ሁሉንም ዘከዘክሁላት። አለቀስኩም። እሷ ቱኬ እያፈላች ነበር። ቱኬ የወላይታ የቡና ቅጠል ነው፤ ለጋው ቅጠል ተወቅጦ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከጨው ጋር ይፈላና በቅል ይጠጣል። በየማለዳው በተራ ነው፣ ዛሬ በአንዷ ቤት፣ ነገ በሌላዋ። እያለቀስኩ ሳወራ ሰማችኝ። ከዚያ ባለጥቁር ክር ከረጢቷን ፈትታ ዘግና ወደ ማሰሮው ጨመረች፣ አማሰለች፣ ቅሉን ሞልታ ሰጠችኝ።

«ታ ሚቼ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ቀዩ ካልሆነ ጥቁሩ ነው፣ ጥቁሩ ካልሆነ ቀዩ ነው። ከሁለታችን አንዱ ጋ አለ። ሐኪሙ ካላወቀ እኛ ከየት እናውቃለን? እንግዲህ ጠጣ።»

ጠጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ተራዋ ቢሆንም ባይሆንም ሁልጊዜ ጠዋት ትጠራኛለች። ጨው ታበዛበት ጀመር፤ ከንፈሬ እስኪሰነጠቅ ድረስ ይጎመዝዘኝ ነበር። በዛ ስላት ጠጣ ትለኛለች እንጂ ሌላ መልስ የላትም። እኔም በተራዬ ከቀዩ ከረጢት እዘግናለሁ፤ የሚጎዳም ከሆነ አብረን እንጎዳ ብዬ። ሌሎቹም የሰፈሩ ሴቶች እንዲሁ በየቤቱ እየዞሩ ይጠጡ ነበር። ማንም ጨው አልተበደረም፤ መሐላችንን ጠብቀናል። ቱኬ መጠጥ ነው፣ መጠጥ ደግሞ ብድር አይደለም።

ሆዴ ገፍቶ ነጠላ አልሸፍነው ሲል ሐኪሙ እንደገና ጠራን። ገመዱን ይዞ እየዞረ ለካ። የእኔ አንገት ቀንሷል፤ ራሴም አውቄው ነበር፣ ባሌም ጎደሬውን ዋጥሽው ብሎኝ ነበር። የጎረቤቴም ቀንሷል። ቀይ ክሮቹም ጥቁር ክሮቹም፣ ጥቂት አሮጊቶች ሲቀሩ፣ ሁሉም ቀንሰዋል። እኛ እልል አልን። ሐኪሙ ግን ከሚስቱ ጋር እየተያየ የጆሮውን ጫፍ ይጎትታል፤ ደስ ሊለው ሲገባ እንደ ከሰረ ሰው ቆሟል። ጨው ተበድራችኋል ወይ ብሎ አስጠየቀን። በማርያም፣ በሚካኤል፣ በልጆቻችን ሕይወት አልተበደርንም ብለን ማልን። እውነታችንን ነበር።

በማግስቱ እየዞረ የየቤታችንን ከረጢት ሊያይ መጣ። ጎረቤቴ ቤት ሲደርስ ሁላችንም እዚያ ነበርን። እንግዳ መጥቶ ሳይጠጣ አይሄድምና ቅሉን ሞልታ ሰጠችው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለ። ምላሱን በከንፈሩ ላይ አዞረ። ወደ ማሰሮው አየ፣ ወደ ከረጢቱ አየ፣ ዙሪያውን ወደተቀመጥነው ሴቶች አየ። ጨው አለበት ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ያለ ጨው ቱኬ የት አገር አለ አሉት ባልቴቷ። በየቀኑ በየቤቱ እንደምንዞርም ጨምረው አስረዱት። በርጩማው ላይ ቁጭ አለና መጀመሪያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ያለቀሰ መስሎን ደነገጥን። ሲገልጠው እየሳቀ ነበር፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለው። አስተርጓሚውም በችሎት ድምፁ «ምስክሮቼ ሁሉ ከባለጉዳዩ ጋር ጠጡ ይላል» አለ።

ባሌ ይህን ሲሰማ የሆነውን ደስታ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ብዬ አልነበር? ሲል ከረመ። የበላ ምስክር ይነቀፋል፣ የጠጣማ ይብስ። ለአገሩ ሁሉ አወራው፤ ሐኪሙ በሙግት የተረታ ያህል አድርጎ ነው የሚያወራው።

ያን ቀን ሐኪሙ ከጎረቤቴ ቤት ሲወጣ ተከተልኩት። አሁን ነገሩ ከተበላሸ ቀዩ የቱ እንደነበር ንገረኝ አልኩት። ትንሽ አመነታና «ቀዩ ዝም ያለው ነበር» አለኝ። እንግዲህ ምስክሯ እኔ ነበርኩ። አንገቴን የቀነሰው፣ ቀንሶት ከሆነ፣ ያቺ ጎረቤቴ በግድ ያጠጣችኝ ጨው ነው። ታዲያ የሚወለደው ልጄ ቢሰማ በዚያ ጨው ሰማ ማለት ነው ወይ አልኩት። አይታወቅም አለኝ። ያለ ጨውም ሊሰማ ይችል ነበር፤ የጎረቤትሽ ልጆች ያለ መድኃኒት ሰምተው የለም? ይህን የሚለይልኝ ምስክር አልቀረኝም አለ። ደክሞት ነበር፣ እኔም ደክሞኝ ነበር፤ እጄን ጨብጦኝ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የጦርነቱ ወሬ መጣ፣ እሱም ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ያንን ሙከራ እንደገና የሞከረው ይኑር አይኑር አልሰማሁም።

ሴት ልጅ ወለድኩ። በአራስነቴ ሰው ሁሉ ዓይኗን፣ ፀጉሯን፣ የማን አፍንጫ እንደያዘች ይመለከታል፤ እኔ ጆሮዋን አያለሁ። ከውጭ የሚታይ ጆሮ ምን ሊነግረኝ። ወንድሟም ቆንጆ ጆሮ ነበረው። ጎረቤቴ ቱኬ ይዛልኝ እየመጣች፣ ጆሮዋን አትሞክረውም ወይ ትለኝ ነበር። እፈራ ነበር። ሳልሞክር ብቀር ትሰማለች ብዬ መኖር እችላለሁ፤ ከሞከርኩ ግን ቁርጤን ላውቅ ነው።

ክርስትና ከተነሳች በኋላ አንድ ጠዋት ባሌ ችሎት ሄዶ፣ ሦስታችን ብቻ ቤት ቀረን። ሕፃኗን ቁርበቱ ላይ አስተኛኋት። ልጄ ጀርባውን ሰጥቶኝ አጠገቧ ተቀምጦ ባቄላ ይደረድራል። ሐኪሙ እንዳደረገው ሁለት የቆርቆሮ ሰሃን አንስቼ ከበስተኋላቸው ቆምኩ።  አጋጨኋቸው።

ሕፃኗ እጆቿን በረጅሙ ዘርግታ በረገገችና ጮኸች።  ግን ያ ሐኪም የተከለብኝ ነገር ወዲያው ተነሳብኝ፦ በምን አወቅሽ? ምናልባት የሰሃኑ ነፋስ ነክቷት ይሆናል። ምናልባት ስራመድ መሬቱ ተንቀጥቅጦባት ይሆናል፣ ምናልባት እንዲያው በራሷ ጊዜ ደንግጣ ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ዓይኔ ልጄ ላይ አረፈ። አንድ ቁርበት ላይ ናቸው። ነፋሱ ከመጣ ለሁለቱም መጥቷል፣ መሬቱም ከተንቀጠቀጠ ለሁለቱም ነው። እሱ ከባቄላው ቀና አላለም።

እንግዲያ ድምፁ ነው። እሷ ሰምታለች። ይህን የማውቀው እሱ ስላልሰማ ነው።

ያኔ ምስክር ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ምንም ያልደረሰው፣ ተቀምጦ ባቄላ የሚደረድረው ልጄ ነበር። ደስታዬና ኃዘኔ ባንድ ጊዜ መጥተው የቱን እንደማለቅስ አላወቅሁም፤ ዝም ብዬ አለቀስኩ። ልጄ ዘወር ሲል የእህቱን የተከፈተ አፍ አየ፣ የእኔን ፊት አየ። ከድርድሩ አንድ ባቄላ አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ሰሃኖቹን ወደ ቦታቸው መለስኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አላጋጨኋቸውም።